ፀሐይ ያልነካው እግር

ኳሷ ውሃው ውስጥ አልገባችም። ተዳፋቱን ወርዳ ልትሰጥም ጥቂት ሲቀራት ረጅሙ ሳር ያዛት። ደቡብ ኮሪያዊቷ ሴሪ ፓክ ከላይ ቆማ ቁልቁል ታያታለች። ዕድሜዋ 20 ነው። አጠገቧ ዱላዎቿን የሚሸከመው ጄፍ ኬብል ቆሟል፤ በጎልፍ ሰዎች አጠራር ካዲዋ ነው። ሁለቱ አንዴ ኳሷን፣ አንዴ ውሃውን፣ አንዴ ደግሞ ሜዳውን እያዩ በዝግታ ይነጋገራሉ። ዙሪያውን የቆመው ሕዝብ ጭጭ ብሏል።

ቦታው በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ ኮህለር በምትባል ትንሽ ከተማ ያለው ብላክዎልፍ ራን የተባለው የጎልፍ ሜዳ ነው። ዕለቱ ሰኞ፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 6 ቀን 1998፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 29 ቀን 1990 ዓ.ም.። የአሜሪካ የሴቶች ኦፕን ሻምፒዮና እሑድ ማለቅ ነበረበት፤ ሁለት ተጫዋቾች እኩል ወጡና ሰኞን ሙሉ መለያ እየተጫወቱ ነው። አሁን የመጨረሻው፣ 18ኛው ጉድጓድ ላይ ደርሰዋል። አሁንም እኩል ናቸው። ሴሪ የመጀመሪያ ምቷን ወደ ግራ አሳተችው። ተፎካካሪዋ ደግሞ ኳሷን በደህና ቦታ አሳርፋ ትጠብቃለች።

ሴሪ ጫማዋን ፈታች። ቀጥላ ካልሲዋን አወለቀች።

ያን ቀን ያየ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስታውሰው ይህችን ቅጽበት ነው። ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ያለው እግሯ በፀሐይ ከስሎ ጠይም ሆኗል። ከቁርጭምጭሚቷ በታች ግን ወረቀት የመሰለ ነጭ ነው። ልዩነቱ በቢላ የተቆረጠ ያህል ግልጽ ነው፤ በሩቅ የሚያይ ሰው ካልሲዋን ገና ያላወለቀች ይመስለዋል። ተንቀሳቃሽ ምስሉን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ሁልጊዜም ዓይኔ ከኳሷ ይልቅ የሚያርፈው እዚያች መስመር ላይ ነው። መስመሯ የተሠመረችው በአንድ ቀን አይደለም። ከልጅነት ጀምሮ ከጠዋት እስከ ማታ ሜዳ ላይ ቆሞ ኳስ የመታ፣ ከጫማው ሳይወጣ ዓመታት ያሳለፈ ሰው እግር ላይ ብቻ የምትገኝ ምልክት ናት። እኛ ባዶ እግር ሲባል ትዝ የሚለን በሮም ጎዳና ላይ ያለ ጫማ የሮጠው አበበ ቢቂላ ነው። የአበበ እግር ጥንካሬውን ያገኘው ከመሬቱ ነበር። የሴሪ እግር ደግሞ ተቃራኒውን ይናገራል፤ መሬትም ፀሐይም ሳይነካው የኖረ እግር ነው። ሁለቱም ግን የሚመሰክሩት ያው የልፋትን ነገር ነው።

ውሃው ውስጥ ገባች። የበረደውን ውሃ እየረገጠች ሚዛኗን ፈለገች። ኳሷ ከእግሯ ከፍ ብላ ተዳፋቱ ላይ ናት፤ እግሯ ውሃ ውስጥ፣ ኳሷ ሳር ውስጥ፣ ዱላዋ በአየር ላይ። በጊዜው ደንብ መሠረት እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ያለ ተጫዋች ከመምታቱ በፊት ዱላውን መሬት ወይም ውሃ ማስነካት አይችልም፤ ካስነካ ሁለት ምት ይቀጣል። ስለዚህ ሳሩን ደልደል አድርጎ መሞከር፣ ዱላን አስደግፎ ማነጣጠር የሚባል ነገር የለም። ሌላም ምርጫ ነበራት። አንድ ምት ተቀጥታ ኳሷን ከውሃው አርቃ መጣል ትችል ነበር። ያ ምርጫ ከአደጋ የራቀ ነው፤ ነገር ግን እኩል በሆኑበት በመጨረሻው ጉድጓድ ላይ አንድ ምት አሳልፎ መስጠት ዋንጫውን እንደ መስጠት ሊቆጠር ይችላል።

መታችው። ኳሷ ከሳሩ ተፈናጥራ ወጥታ ሜዳውን አቋርጣ ማዶ አረፈች። ወደ ጉድጓዱ ያቀረባት ርቀት ብዙ አልነበረም። ያገኘችው ነገር ቀጣዩን ምት ለመምታት የሚያስችል መሬት ብቻ ነው።

ይህን ሻምፒዮና ታላቅ ያደረገው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ብዙ ሰው ረጃጅም ምቶችንና ከሩቅ ተንከባልለው የሚገቡ ኳሶችን ይጠቅሳል። እኔ ግን ይህችን ምት እጠቅሳለሁ። ያገኘችው የተሻለ ውጤት የለም፤ ያን ጉድጓድ ሴሪ የጨረሰችው ከሚጠበቀው አንድ ምት አስበልጣ ነው። ምቷ ያደረገችው ነገር ቢኖር ጨዋታው እዚያው እንዳያበቃ ማድረግ ነው።

ጎልፍን ለማያዘወትር አንባቢ ሁለት ሦስት ነገር ልበል። ሜዳው 18 ጉድጓድ አለው። እያንዳንዱ ጉድጓድ ጎበዝ ተጫዋች በስንት ምት መጨረስ እንዳለበት አስቀድሞ ይተመናል፤ ያ ቁጥር ፓር ይባላል። ከፓር አንድ አሳንሶ የጨረሰ በርዲ ሠራ ይባላል፣ አንድ ያስበለጠ ደግሞ ቦጊ። ጥቂት የመታ ያሸንፋል። የአሜሪካ የሴቶች ኦፕን አራት ቀን ይወስዳል፤ በቀን 18፣ በጠቅላላው 72 ጉድጓድ። በሴቶች ጎልፍ ሜጀር ከሚባሉት አምስት ታላላቅ ውድድሮች በዕድሜ የሚበልጠውም እሱ ነው።

የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1946 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በዋሽንግተን ግዛት ስፖኬን ከተማ ሲሆን፣ ያኔ የመጀመሪያዋ ሻምፒዮን ፓቲ በርግ ነበረች። በ1950 የሴቶች ፕሮፌሽናል ጎልፍ ማኅበር፣ ኤልፒጂኤ፣ በ13 ሴቶች ተመሠረተ። እነዚያ ሴቶች ተጫዋች ብቻ አልነበሩም፤ ውድድሩን የሚያዘጋጁትም ራሳቸው ነበሩ። ከ1953 ጀምሮ ኦፕኑን የሚመራው የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር ነው። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1954፣ ቤብ ዛሃሪያስ የአንጀት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት አንድ ዓመት ገደማ በኋላ ማሳቹሴትስ ውስጥ ተወዳደረች። ያሸነፈችው በ12 ምት ልዩነት ነበር። ስለዚች ሴት ብቻ ሌላ ሙሉ ጽሑፍ ያስፈልጋል።

ኦፕን የተባለው በሩ ክፍት ስለሆነ ነው። በጎልፍ የሚኖር ፕሮፌሽናል ብቻ ሳይሆን፣ ችሎታው የሚፈቅድለት አማተርም ማጣሪያውን ካለፈ እኩል ይሰለፋል። አዘጋጆቹ ደግሞ ሜዳውን ሆን ብለው ያከብዱታል። ኳስ የሚያርፍበት የታጨደው መስመር ይጠብባል፣ ዳር ዳሩ ያለው ሳር ይረዝማል፣ በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው መሬት ኳስ እንዲያንሸራትት ተደርጎ ይላጫል። ዓላማው ተጫዋቾቹን ማዋረድ አይደለም፤ ማን ከስህተቱ እንደሚመለስ ለመለየት ነው። ብላክዎልፍ ራን ላይ ይህ በደንብ ታይቷል። ሜዳውን የነደፈው ፒት ዳይ ነው። የሼቦይጋን ወንዝ በመሃሉ ይጠማዘዛል። ባለቤቱ የቧንቧና የመታጠቢያ ገንዳ ሠሪው የኮህለር ኩባንያ ሲሆን፣ ከተማዋም በፋብሪካው ዙሪያ የተቆረቆረች ናት። በዚያ ሳምንት ከአራት ቀን በኋላ ከፓር በታች የጨረሰች አንዲት ተጫዋች አልነበረችም። መሪዎቹ ራሳቸው ከፓር ስድስት ምት በልጠዋል፤ 290።

ሴሪ የጀመረችው 69 እና 70 መትታ ነው። ከዚያ ሜዳው ያዛት፤ ቅዳሜ 75፣ እሑድ 76። ከኋላ እየተጠጋች የመጣችው ጄኒ ቹዋሲሪፖርን ነበረች። ጄኒም 20 ዓመቷ ነው። ሜሪላንድ ያደገች፣ ከታይላንድ የመጡ ቤተሰቦች ልጅ፣ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ። አማተር ስለሆነች ብታሸንፍ እንኳ ለአንደኛዋ የተመደበውን 267,500 ዶላር መውሰድ አትችልም ነበር። ዱላዋን የሚሸከምላት ወንድሟ ነው። እሑድ 18ኛው ጉድጓድ ላይ 12 ሜትር ገደማ ከሚርቅ ቦታ ኳሷን ገፋ አደረገቻት። ኳሷ ተንከባለለች፣ ተንከባለለች፣ ገባች። ጄኒ አፏን በእጇ ይዛ ዓይኗን አፍጥጣ ቀረች። ደስታዋ እንኳ ገና አልደረሰላትም፤ ፊቷ ላይ የሚነበበው ድንጋጤ ነው። ሴሪም እዚያው ጉድጓድ ላይ ማሸነፊያ የምትሆናትን ኳስ ሳተች። እኩል ወጡ።

የዛሬ ተመልካች ሊገርመው የሚችለው ቀጥሎ የመጣው ነገር ነው። በጊዜው ደንብ መለያው ሌላ ሙሉ 18 ጉድጓድ ነበር፤ ሁሉም ሰው አድሮ ሰኞ ይመለሳል። ይህ ደንብ እስከ 2006 ቆየ። በ2007 ወደ ሦስት ጉድጓድ፣ በ2018 ደግሞ ወደ ሁለት ጉድጓድ ዝቅ አለ። ለቴሌቪዥን መርሐ ግብርም ለተመልካችም የተሻለው አዲሱ እንደሆነ አልክድም። ቢሆንም የጠፋ ነገር አለ። ሁለት የ20 ዓመት ልጆች አንድ ሌሊት በሐሳብ አድረው፣ ጠዋት ተነስተው፣ የሚከተላቸው ሌላ ተጫዋች በሌለበት ባዶ ሜዳ ላይ ብቻ ለብቻ ለሰዓታት የሚተያዩበት ቀን ከእንግዲህ አይኖርም። የሰኞው መለያ ባይኖር የዚያች ነጭ እግር ታሪክም አይኖርም ነበር።

ሰኞ መጀመሪያ ላይ ጄኒ መራች። መሪነቷ ግን አልጸናም፤ ሴሪ እያንዳንዷን ምት እየለቀመች ተጠጋች። 18ኛው ላይ ሲደርሱ እኩል ነበሩ። ከውሃው በኋላ ሴሪ ቦጊ ሠርታ ወጣች። ስለዚህ ዋንጫው ጄኒ እጅ ላይ ነበር፤ ከጥቂት ሜትር ርቀት አንዲት ኳስ ብታስገባ ያበቃል። ኳሷ አልገባችም። ሁለቱም 73 ጻፉ።

አሁን የሚቀረው ቀድማ ያሸነፈች የምትወስድበት ተጨማሪ ጉድጓድ ነው። 10ኛው ላይ ተመልሰው ጀመሩ፤ እኩል። 11ኛው ላይ ሴሪ አምስት ሜትር ተኩል ያህል የሚሆን ርቀት ቀራት። ኳሷን ገፋች፤ ገባች። ሻምፒዮናው በ92ኛው ጉድጓድ አለቀ። ሴሪ እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች፤ አባቷ ወደ ሜዳው ገብቶ አቀፋት፤ እሷም አለቀሰች። ያኔ የዚህ ውድድር በዕድሜ ትንሿ ሻምፒዮን እሷ ሆነች።

ደቡብ ኮሪያ ከዊስኮንሲን በ14 ሰዓት ትቀድማለች። ኳሷ ስትገባ እዚያ ማክሰኞ ሊነጋጋ ነበር፤ ሕዝቡ ግን አልተኛም። ያ ሌሊት ለምን እንዲህ ከበደ ለሚል ሰው ስምንት ወር ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በ1997 መጨረሻ የእስያ የገንዘብ ቀውስ ኮሪያን መታት። የውጭ ምንዛሪ ክምችቷ ሟጠጠ፣ ገንዘቧ ወደቀ፣ ትልልቅ ኩባንያዎች ተከታትለው ከሰሩ። ዲሴምበር ላይ መንግሥት ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅትና ከሌሎች አበዳሪዎች ከ55 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚደርስ ብድር ለመቀበል ፈረመ። ኮሪያውያን ያን ዘመን እስከ ዛሬ በድርጅቱ ስም «አይኤምኤፍ» ብለው ይጠሩታል፤ ቃሉ ለእነሱ የተቋም ስም መሆኑ ቀርቶ የመከራ ስም ሆኗል። በ1998 መጀመሪያ ሕዝቡ የሀገሩን ዕዳ ለማቅለል ወርቁን ይዞ ወጣ። የጋብቻ ቀለበት፣ ልጅ አንድ ዓመት ሲሞላው የሚሰጥ የወርቅ ቀለበት፣ የስፖርት ሜዳሊያ። 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ተሳትፎ 227 ቶን ገደማ ወርቅ ተሰበሰበ።

እንግዲህ ያ ሕዝብ ነው ያን ሌሊት ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠው። ጎልፍ በኮሪያ የባለጸጎች ጨዋታ ነበር፤ ከተመልካቹ ብዙው ቦጊና በርዲን አይለይም። እግሩን ግን አየ። ሥራውን ያጣ አባት፣ ሱቋን የዘጋች እናት፣ ከቁርጭምጭሚቷ በታች ያለውን ነጭ ነገር ሲያዩ ምን እንደሆነ አስረጂ አላስፈለጋቸውም። ውሃ ውስጥ የገባችው ልጅ ከውሃው የምትወጣው በዕድል ሳይሆን በለፋችበት ልክ እንደሆነ ተረዱ። በዚያው ዓመት በቴሌቪዥን የተላለፈ አንድ የመንግሥት ማስታወቂያ ይህን ምስል ያንግ ሂ-ኡን ከምትዘፍነው «ዘወትር አረንጓዴ» ከተባለ ዜማ ጋር አዋሕዶ አቀረበው። ዜማውን የደረሰው ኪም ሚን-ጊ ሲሆን፣ በወታደራዊው አገዛዝ ዘመን ታግዶ የነበረ፣ ተማሪዎችና ሠራተኞች ተደብቀው የሚዘምሩት መዝሙር ነበር። ትናንት በመንግሥት የታገደ ዜማ ዛሬ በመንግሥት ማስታወቂያ ላይ ሲሰማ፣ ምስሉ ደግሞ የአንዲት ልጅ እግር ሲሆን፣ ቀውሱ ምን ያህል ነገር እንደገለባበጠ ያሳያል።

ሴሪ የተወለደችው በ1977 ዴጆን ከተማ ነው። የመጀመሪያ አሠልጣኟ አባቷ ነበር። የሥልጠናው ነገር በኮሪያ ጋዜጦችም በአሜሪካ መጽሔቶችም በተደጋጋሚ ተጽፏል፤ 15 ፎቅ ያለው የመኖሪያ ሕንፃ ደረጃ ላይ ወደ ላይም ወደ ታችም፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ እየረገጠች ሠልጥናለች፤ ፍርሃት እንዲለቃት በሌሊት መቃብር ሥፍራ ተወስዳለች። ይህን ሳነብ ሁለት ስሜት ይይዘኛል። ውሃው ዳር ቆማ እጇ ሳይንቀጠቀጥ የመታችው በዚያ ሥልጠና ምክንያት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አንዲት ሕፃን መቃብር መሃል በጨለማ መቆሟን የዋንጫ ወሬ ማጣፈጫ አድርጎ መንገር ልክ አይመስለኝም። ማሸነፏ ያን አያጸድቀውም። ተሰጥኦ ያለው ልጅ ያላቸው ወላጆች የሴሪን ታሪክ ሲያነቡ የመጀመሪያውን ክፍል ይዘው ሁለተኛውን እንዳይተዉት እፈራለሁ።

ሁለተኛው ክፍል ብዙ ሳይቆይ መጣ። ከኦፕኑ በፊት በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ሌላ ሜጀር አሸንፋ ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያ ዓመቷ ሆኖ ሁለት ሜጀር። በመገባደጃው ሀገሯ ስትገባ ከአቀባበል ወደ አቀባበል፣ ከግብዣ ወደ ግብዣ ተወሰደችና ታመመች፤ ሆስፒታል ገባች። ፎቶግራፍ አንሺዎች እዚያም ተከትለዋት ገቡ። ሀገር ሲወድ እንዴት እንደሚያደክም ያኔ ቀመሰችው። ከዚያ በኋላ ብዙ አሸንፋለች፤ በኤልፒጂኤ 25 ድል፣ ከዚያ ውስጥ አምስት ሜጀር። በ2004 እና በ2005 ግን ጨዋታው ከእጇ ወጣ፤ ኳሷ የምትሄድበት ጠፋባት። ጎልፍ ብቻ እንድትችል ተደርጋ ያደገች ሰው፣ ጎልፍ ሲጠፋባት የምትሄድበት ሌላ ቤት አልነበራትም። በ2006 ተመልሳ ሜጀር አሸነፈች። በ2007 ወደ ጎልፍ የዝና አዳራሽ ገባች።

በእነዚያ ዓመታት መካከል ኮሪያ ውስጥ ሌላ ነገር እየበቀለ ነበር። ከሴሪ በፊት በኤልፒጂኤ ያሸነፉ ኮሪያውያን በጣም ጥቂት ነበሩ፤ የመጀመሪያዋ ጉ ኦክ-ሂ በ1988። ጁላይ 1998 ላይ ግን በብዙ ቤቶች ልጆች በወላጆቻቸው ጩኸት ከእንቅልፋቸው ነቅተው ወደ ሳሎን ወጡ። ከእነሱ አንዷ አሥር ዓመት ሊሞላት ቀናት የቀሯት ኢንቢ ፓክ ነበረች። በቀናት ውስጥ ዱላ ያዘች። አሥር ዓመት ቆይቶ በ2008 ሚኒሶታ ውስጥ ይህንኑ ኦፕን በ19 ዓመቷ አሸንፋ የሴሪን የትንሽነት ክብረ ወሰን ወሰደች። በ2013 ደግሞ የዓመቱን የመጀመሪያ ሦስት ሜጀሮች በተከታታይ አሸነፈች፤ ያን ከእሷ በፊት ያደረገችው ቤብ ዛሃሪያስ በ1950 ነበር። በኮሪያ ይህን ትውልድ «የሴሪ ልጆች» ይሉታል።

ስማቸውን ብቻ ብዘረዝር ገጹ አይበቃኝም። ከ1998 እስከ 2020 ድረስ ኮሪያውያን የአሜሪካን የሴቶች ኦፕን 11 ጊዜ ወስደዋል። ከመካከላቸው በ2019 ያሸነፈችው ሊ ጆንግ-ኡን ትገኛለች፤ በኮሪያ የሴቶች ፕሮፌሽናል ጎልፍ ማኅበር ውስጥ በዚያው ስም የተመዘገበች ስድስተኛዋ ተጫዋች ስለሆነች በይፋ «ሊ ስድስት» ተብላ ትጠራለች። ለእኔ ከየትኛውም ቁጥር በላይ ነገሩን ይህች ስድስት ትገልጽልኛለች። አንድ ስፖርት፣ አንድ ሀገር፣ አንድ ስም፣ ስድስት ሴቶች። ያን ዓመት ለአሸናፊዋ የተከፈለው 1 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ በሴቶች ጎልፍ ሜጀር ያን ያህል ሲከፈል የመጀመሪያው ነበር። በ2024 ደግሞ ለአሸናፊዋ 2.4 ሚሊዮን ደረሰ። በ1950 ውድድሩን ራሳቸው እያዘጋጁ ራሳቸው ይጫወቱ የነበሩት 13 ሴቶች ይህን ቢያዩ ምን እንደሚሉ ማሰብ ደስ ይለኛል።

የጄኒስ? ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ሴሪን ያነሳ ሁሉ ጄኒን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፋታል። ልጅቷ 92 ጉድጓድ እኩል ተጫውታለች ማለት ይቻላል፤ የለየቻቸው አንዲት ምት ናት። 18ኛው ላይ ያቺ ኳስ ብትገባ ኖሮ በዚህ ሻምፒዮና ታሪክ ከፈረንሳዊቷ ካትሪን ላኮስት ቀጥላ ሁለተኛዋ አማተር አሸናፊ ትሆን ነበር፤ ላኮስት ያሸነፈችው በ1967 ነው። ጄኒ ትምህርቷን ጨርሳ ፕሮፌሽናል ሆና ሞከረች። አልሆነላትም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎልፉን ተወችና ነርስነት ተማረች፤ ሥራዋ ሆነ። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን እንደ ውድቀት ይጽፉታል። እንዴት ውድቀት ይሆናል? ሃያ ዓመቷ ላይ የዓለምን ምርጥ ተጫዋቾች ሁሉ ጥላ አንድ ሰው ብቻ የቀራት፣ ከዚያ ደግሞ የማይሆንላትን ነገር በጊዜ አውቃ ሌላ ሙያ የያዘች ሴት ናት። ሴሪ ጨዋታው ሲጠፋባት የምትሄድበት አልነበራትም፤ ጄኒ ግን ሄደች።

በ2016 ጎልፍ ከ112 ዓመት በኋላ ወደ ኦሊምፒክ ሲመለስ ሴሪ ሪዮ ላይ የኮሪያ ሴቶች አሠልጣኝ ሆና ቆማ ነበር። ኢንቢ ፓክ አውራ ጣቷን ታምማ የመጣች ቢሆንም ወርቁን ወሰደች። ሴሪ ያኔም አለቀሰች። በዚያው ዓመት ራሷ ጨዋታ አቆመች።

ከሁሉ በላይ ልቤ ላይ የቀረው ግን ከዚያ አራት ዓመት ቀድሞ የሆነው ነው። በ2012 የአሜሪካ የሴቶች ኦፕን ወደ ብላክዎልፍ ራን ተመለሰ። ያው ወንዝ፣ ያው ረጅም ሳር። ቼ ና-ዮን የምትባል የ24 ዓመት ኮሪያዊት ቅዳሜ 65 መትታ ርቃ መራች። እሑድ 10ኛው ጉድጓድ ላይ ግን ኳሷ ወደ ዛፎቹ ገባችና ከፓር ሦስት ምት አስበልጣ ወጣች፤ በእጇ የገባው ሻምፒዮና ሊያመልጣት ይመስል ነበር። ሜዳው ያን ሁልጊዜ የሚጠይቀውን ጥያቄ ጠየቃት። ቀጣዩን ጉድጓድ በርዲ አደረገችው። በአራት ምት ልዩነት አሸነፈች።

ሴሪ ያን ቀን ጨዋታዋን ቀድማ ጨርሳለች። ወደ ቤቷ መሄድ ትችል ነበር፤ አልሄደችም። 18ኛው ጉድጓድ ጋር ቆማ ጠበቀቻት። ቼ በጁላይ 1998 አሥር ዓመቷ ነበር፤ ኮሪያ ውስጥ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጣ ይህንኑ ሜዳ፣ ይህንኑ 18ኛ ጉድጓድ አይታለች። የመጨረሻዋ ኳስ ስትገባ ሴሪ ሻምፓኝ ይዛ ወደ ሜዳው ሮጠች፤ አርከፈከፈችባትና አቀፈቻት።